ፊልምን እንዴት እንመልከት?



«ማየት ማመን ነው» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ዳሩ ግን ይህ አባባል ለፊልም ሙሉ በሙሉ እንደማይሠራ በዚህ ዓመት ተረድቻለሁ። በፊልም የምናየውን ነገር ከእኛ በፊት ሌላ ሰው አይቶታል፤ መርጦታል፤ ቆርጦታል፤ ከሌላ ነገርም ጋር ቀጥሎታል። እኛ የምናየው ያ ሰው እንድናይ የፈቀደልንን ብቻ ነው። ስለዚህ አይቶ ከማመን በፊት ጥቂት ጥያቄዎችን መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚህን ጥያቄዎች በሥርዓት አስቀምጦ የሚያስተምረው የዕውቀት ክፍል የፊልም ንድፈ ሐሳብ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የትምህርቱን መጀመሪያ ለጓደኞቼ ለማስተዋወቅና በአንዳንድ ፊልሞች ላይ ለመሞከር አስቤአለሁ።

ምናልባት «እኛ የፊልም ሠሪዎች አይደለን፤ ይህ ትምህርት ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ይሁንና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚሄደው አውቶቡስ ስንሳፈር ፊልም እናያለን። በሻይ ቤት ተቀምጠን እናያለን። ኢንተርኔት በማይኖርበት ጊዜ እንኳ በፍላሽና በስልክ ካርድ እየተቀባበልን እናያለን። አንድ ተማሪ በዓመት ውስጥ ካነበባቸው መጻሕፍት ይልቅ ያያቸው ፊልሞች ሳይበልጡ አይቀሩም። መጽሐፍ ማንበብን ለብዙ ዓመታት ስንማር ፊልም ማየትን ግን ማንም አላስተማረንም።

የአባቴ ጥያቄ

ይህን ትምህርት እንድፈልግ ያደረገኝ አንድ ጥያቄ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ አባቴ በርበሬ ለመሸጥና ስንቅ ሊያመጣልኝ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ካለው ገጠራችን መጥቶ በተከራየሁት ክፍል አደረ። ማታ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በስልክ አንድ የአማርኛ ኮሜዲ እናይ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ቁምጣ የለበሰና ዱላ የያዘ አንድ ባላገር አዲስ አበባ ይገባል፤ አሳንሰሩ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ በመስተዋት በር ይጋጫል፤ ቧንቧ ከፍቶ መዝጋት ያቅተዋል። እኛም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

አባቴም ከኋላችን ሆኖ ትንሽ ሳቀ። ቀጥሎም እንዲህ ሲል ጠየቀ፦

«እንደው ልጆች፤ ይኸ ሰውዬ በሬዎቹን ለማን ሰጥቶ ነው የመጣው?»

እኛም በጥያቄው እንደገና ሳቅን። አባቴ ሌላ ነገር አልተናገረም። ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ። እኔ ግን ቶሎ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ምክንያቱም የአባቴ ዱላ በሩ ሥር ተደግፎ ይታየኝ ነበር። የለበሰውም ቁምጣ ነበር።

በማግሥቱ ነገሩን ለእንግሊዝኛ መምህራችን ነገርኳቸው። እሳቸውም «አባትህ የጠየቁት የፊልም ምሁራን መጽሐፍ የጻፉበትን ጥያቄ ነው» አሉኝ። ከዚያም የሚነበብ ወረቀትና ሁለት ፊልም በፍላሽ ሰጡኝ። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ከዚያ የተማርኩትን ነው። የውጭ አገሩን ታሪክ ዓመት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

ንድፈ ሐሳብ ማለት ምን ማለት ነው?

ሰዋስው ሳይማር አማርኛ የሚናገር ሰው ብዙ ነው። ሰዋስው የተማረ ግን ዓረፍተ ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ያውቃል። የፊልም ንድፈ ሐሳብም እንደዚሁ ነው። ፊልም እንዳይጥመን አያደርግም፤ የጣመን ለምን እንደሆነ ያሳውቀናል።

ሉሚየር የተባሉት ሁለት የፈረንሳይ ወንድማማቾች ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ገንዘብ ለከፈለ ሕዝብ በፓሪስ ያሳዩት በታኅሣሥ 28 ቀን 1895 ነበር። ወደ አገራችንም ሲኒማ የገባው ሳይዘገይ፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። በአዲስ አበባ የነበረውን የሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። ይህን ስም ስንሰማ እንስቃለን እንጂ አያቶቻችን አንድ ቁም ነገር ተረድተው ነበር። ይኸውም በጨለማ ቤት የሚታየው ነገር በሰው ልብ ላይ ኃይል ያለው መሆኑን ነው። በአማርኛ የተሠራው የመጀመሪያው ረጅም ፊልም «ሂሩት አባቷ ማነው» የወጣው በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ፊልም ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ የሚሆንብን ስለ ፊልም መመራመር ነው።

አንደኛ ጥያቄ፦ ካሜራው የት ቆሟል?

አንድ ገበሬ ሲያርስ ከአውቶቡስ መስኮት የሚያየው ሰው የሚያየው ትንሽ ነጥብ ነው። ገበሬው፤ ዛፉና ኮረብታው አንድ ላይ ሆነው «የሚያምር አገር» ይባላሉ። በእርሻው ዳር የቆመ ሰው ግን የገበሬውን ላብ ያያል፤ በሬዎቹን በየስማቸው፤ «ና ዳልቻ! ተመለስ ወይኖ!» እያለ ሲጠራም ይሰማል። ገበሬው አንድ ነው፤ የተለወጠው የተመልካቹ ቦታ ነው።

ካሜራም እንደዚሁ ነው። ወደ ሰው ፊት ተጠግቶ ሲያነሣ የቅርብ ሥዕል ይባላል። የቅርብ ሥዕል የሰውን ልብ ያሳያል፤ ዳሩ ግን ያ ሰው ከማን ጋር፤ በምን መሬት ላይ እንደቆመ ይደብቅብናል። የሩቅ ሥዕል ደግሞ ሰውን ከአገሩና ከጎረቤቱ ጋር ያሳያል፤ ዕንባውን ግን አያሳይም። ከፍታም ትርጉም አለው። ካሜራ ከላይ ወደ ታች ሲመለከት ሰውዬው ያነሰና የተዋረደ ይመስላል። ከታች ወደ ላይ ሲመለከት የገዘፈና የሚፈራ ይመስላል። በዓይን ልክ ሲሆን እኩያችን ይሆናል። ይህ ሕግ ሁልጊዜ አይጸናም፤ ነገር ግን መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ሁለተኛ ጥያቄ፦ ምን ከምን ጋር ተጋጥሟል?

በሩሲያ ከ1917ቱ አብዮት በኋላ ባሉት ዓመታት ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለ የፊልም መምህር አንድ ሙከራ አድርጎ ነበር ይባላል። ሞዡኪን የተባለውን ተዋናይ ምንም ስሜት የማይታይበት ፊት ወሰደ። ያንኑ ፊት አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳሕን፤ አንድ ጊዜ በሬሳ ሣጥን ካለች ሕፃን፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ከአንዲት ቆንጆ ሴት ጋር አጋጠመው። ተመልካቾቹም የተዋናዩን ችሎታ አደነቁ፤ ሲራብ፤ ሲያዝንና ሲመኝ አየን አሉ። ፊቱ ግን አንድ ነበር።

እኛም ይህን በክፍላችን ሞከርነው። የአንድ ጓደኛችንን ፊት «ምንም አታስብ» ብለን በስልክ አነሣን። ከዚያም ያንኑ ፊት ከባዶ ሞሰብ፤ ከፈተና ውጤት ወረቀትና ነጠላ ለብሳ ከተኛች ሕፃን ጋር ቀጥለን ለልዩ ልዩ ተማሪዎች አሳየን። ሞሰቡን ያዩት «ርቦታል» አሉ። ውጤቱን ያዩት «ወድቋል መሰለኝ» አሉ። ሕፃኗን ካዩት አንዷ ተማሪ «እኅቱን ትቶ ወደ ከተማ ለትምህርት ሊሄድ ነው» ብላ ሙሉ ታሪክ ፈጠረች። በመጨረሻ ጓደኛችንን ምን ያስብ እንደነበር ስንጠይቀው «የስልኩ ባትሪ እንዳያልቅ ነበር» አለ።

ከዚህ ሙከራ የምንማረው ትርጉም የሚገኘው ከአንዱ ሥዕል ውስጥ ሳይሆን ከሁለቱ መጋጠሚያ መሆኑን ነው። ሰርጌ አይዘንስታይን ይህን ሐሳብ አስፋፍቶ ሁለት ሥዕሎች ሲጋጩ በሁለቱም ውስጥ ያልነበረ ሦስተኛ ሐሳብ ይወለዳል ብሏል። በ1925 በሠራው «የጦር መርከብ ፖተምኪን» በተባለው ፊልሙ ወታደሮች በኦዴሳ ከተማ ደረጃ ላይ ተሰልፈው ሲወርዱና ሕዝቡ ሲሸሽ እያፈራረቀ ያሳያል። የወታደሮቹ ጫማ፤ የእናቲቱ ፊት፤ የሕፃኑ ጋሪ ይፈራረቃሉ። ተመልካቹም የጭካኔን ትርጉም ማንም ሳይነግረው ያገኘዋል።

የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ጉባኤዎች በታወቁበት በጎጃም ይህ ነገር እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። የቅኔ ተማሪ ሁለት ነገር አጋጥሞ ሰሙን ለጆሮ፤ ወርቁን ለልብ ይሰጣል። ልዩነቱ በቅኔ ወርቁን የሚፈልግ አድማጭ መኖሩ ነው፤ በፊልም ግን ብዙዎቻችን ሰሙን ተቀብለን እንሄዳለን።

ሦስተኛ ጥያቄ፦ ለምን ያህል ጊዜ እናያለን?

አንድሬ ባዛን የሚባል የፈረንሳይ ሐያሲ (1918–1958) በመቆራረጥ ብዛት ላይ ተቃውሞ ነበረው። በ1951 ከጓደኞቹ ጋር «ካዬ ዱ ሲኔማ» የተባለ የታወቀ መጽሔት አቋቁሟል። እንደ ባዛን አስተሳሰብ ፊልም ትልቅ የሚሆነው ዓለምን በትዕግሥት ሲያሳይና ለተመልካቹ የመምረጥ ነፃነት ሲተው ነው። ሰውና አውሬ ተፋጠጡ የሚባል ታሪክ ቢኖር ሰውዬውን ለብቻ፤ አውሬውን ለብቻ ማሳየት አይበቃም፤ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሁለቱን በአንድ ሥዕል ውስጥ ማየት አለብን። አለዚያ አደጋው ወሬ ይሆናል።

ባዛን ካመሰገናቸው ፊልሞች አንዱ ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 በጣሊያን የሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ታሪኩ አጭር ነው። ሥራ ያጣ ሰው በብስክሌት የሚሠራ ሥራ ያገኛል፤ ብስክሌቱ ይሰረቃል፤ ከትንሽ ልጁ ጋር ቀኑን ሙሉ ሲፈልግ ይውላል። ዋናውን ሰው ሆኖ የሠራው የታወቀ ተዋናይ ሳይሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በሬው የተሰረቀበት ገበሬ ይህን ፊልም ያለ አስተርጓሚ የሚረዳው ይመስለኛል።

የጊዜን ነገር በቡና መመዘን እንችላለን። በብዙ ፊልም ቡና ሲፈላ የምናየው ለሦስት ሴኮንድ ያህል ነው። በቤታችን ግን ቡና ይቆላል፤ ይወቀጣል፤ አቦል፤ ቶና፤ በረካ ይጠጣል፤ በዚህም መካከል ጎረቤት ይታረቃል፤ ስለ ልጅ ጋብቻ ይመከራል። ሦስቱን ሴኮንድ ያየ ሰው ቡናውን አይቷል፤ የቡናውን ጉዳይ ግን አላየም።

አራተኛ ጥያቄ፦ የሚያየው ማን ነው፤ የሚታየውስ ማን ነው?

በ1969 ፈርናንዶ ሶላናስና ኦክታቪዮ ጌቲኖ የተባሉ ሁለት የአርጀንቲና ሰዎች «ሦስተኛው ሲኒማ» የሚል ሐሳብ አወጡ። አንደኛው ሲኒማ የሆሊውድ የንግድ ሲኒማ፤ ሁለተኛው የአዘጋጁን የግል ስሜት የሚገልጸው ሲኒማ፤ ሦስተኛው ደግሞ የተጨቆኑ ሕዝቦች ራሳቸውን የሚያውቁበትና ለነፃነት የሚነሡበት ሲኒማ ነው።

ይህን ሐሳብ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ካስፋፉት ምሁራን አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ። እኒህም ፕሮፌሰር ተሾመ ገብርኤል ናቸው። በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አስተምረው በ2010 ዐርፈዋል። ስለ ሦስተኛው ዓለም ሲኒማ የጻፉት መጽሐፋቸው በ1982 ታትሟል። እሳቸው የሦስተኛው ዓለም ፊልም ሦስት ደረጃዎች እንዳሉት ያስረዳሉ። በመጀመሪያው ደረጃ የውጭውን ፊልም እንዳለ መቅዳት፤ በሁለተኛው ወደ ራስ ታሪክና ትዝታ መመለስ፤ በሦስተኛው ፊልምን የሕዝብ ትግል መሣሪያ ማድረግ ነው።

በተለይ የጠቀመኝ ግን ስለ ካሜራ የጻፉት ነው። እንደ ተሾመ ገብርኤል አገላለጽ የምዕራቡ ፊልም የቅርብ ሥዕልን የሚያበዛው ዋና ጉዳዩ የግለሰብ ልብ ስለሆነ ነው። ሰው ከማኅበሩና ከመሬቱ ተለይቶ በማይኖርበት አገር ግን የቅርብ ሥዕል ሰውን ከቤተሰቡ ሊነጥለው ይችላል። ስለዚህ በእኛ ዓይነት አገሮች ፊልም ውስጥ የሩቅ ሥዕልና ሳይቆረጥ የሚቆይ ሥዕል ይበዛል። ዝምታም እንደ ንግግር ይቆጠራል። ጀግናውም አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ነው።

ወደ ፊልሞቹ እንመለስ

እንግዲህ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ይዘን በመጀመሪያ ያንን ኮሜዲ እንመርምር። እንደገና ሳየው ካሜራው ባላገሩን ብዙ ጊዜ ከላይ ያነሣዋል። ሰውዬው በተሳሳተ ቁጥር ፊልሙ ተቆርጦ የሚስቁ የከተማ ሰዎችን ፊት ያሳያል። እኛም የሳቅነው በሰውየው ስሕተት ብቻ ሳይሆን የሚስቁትን አይተን ነው፤ ከእነርሱ ጎን ተቀምጠን ነበር። ታሪኩ የሚጀምረውም ከአውቶቡስ ተራ ነው። ቤቱ፤ ሚስቱ፤ መሬቱ አይታዩም። ፊልሙ ይህን ሰው ምንም ከማያውቅበት ሰዓት ጀምሮ ያሳየዋል፤ ብዙ የሚያውቅበትን ሰዓት ቆርጦ ጥሎታል። አባቴ «በሬዎቹን ለማን ሰጥቶ መጣ?» ያለው ስለዚህ ነው። እርሱ ከክፈፉ ውጭ የቀረውን ነገር ወዲያውኑ አየ። በሬ ያለው ሰው አደራ ሳይሰጥ ከቤቱ አይወጣምና።

ይህን ስል በባላገር መሳቅ አይገባም ማለቴ አይደለም። እናቴም እኔ ዶማ ስይዝ አይታ ትስቃለች፤ መብቷም ነው። ልዩነቱ የተሳቀበት ሰው በተራው የሚያይበትና የሚስቅበት ጊዜ ማግኘቱ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፊልም የፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ኃይሌ ገሪማ በጎንደር የተወለዱ፤ አባታቸውም የቴአትር ደራሲ የነበሩ ናቸው። ይህን ፊልም በአብዮቱ ዓመት በ1974 በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ በጥቁርና ነጭ አንሥተው በ1976 አወጡት። ርዝመቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብና የባለመሬቱ ነው። ገበሬዎቹ ገና ሳይነጋ ይነሣሉ፤ ሥራው ዝግ ብሎ ይታያል፤ የሩቁ ሥዕል ሰዎቹን ከመሬቱ ጋር ያሳያቸዋል። ባለመሬቱ ግን ተቀምጦ ያዝዛል። ማን እንደተቀመጠና ማን እንደቆመ ብቻ በማየት የአገሩን ሕግ እንረዳለን። እብድ የሚባለው ከበበ እውነቱን የሚናገር ሰው ነው።

ሁለት ጓደኞቼ ይህን ፊልም ሲያዩ አንቀላፍተዋል፤ አልደብቅም። መምህራችንም «ዝግታ ብቻውን እውነት አይሆንም፤ ፍጥነትም ብቻውን ውሸት አይሆንም» ብለውናል። ከዚህም ሌላ በታሪክ ክፍል እንደተማርነው በጎጃም መሬቱ በአብዛኛው ርስት ስለነበረ የአያቶቻችን ኑሮ በፊልሙ እንዳለው የጭሰኛ ኑሮ ብቻ አልነበረም። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውመው መነሣታቸው ይታወቃል። ስለዚህ መልካም ፊልምም ቢሆን የአንዱን ገበሬ ኑሮ ለሁሉም ገበሬ ሊያደርገው እንደማይችል መዘንጋት የለብንም።

ሦስተኛው «ጤዛ» ነው። ይህም የኃይሌ ገሪማ ሥራ ሲሆን በ2008 በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፤ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የተባለው ምሁር በጀርመን ተምሮ፤ አንድ እግሩን አጥቶ፤ በጣና ሐይቅ አጠገብ ወደሚገኘው የእናቱ መንደር ይመለሳል። ትዝታው እየተቆራረጠ ይመጣል፤ ስለሆነም ፊልሙም ይቆራረጣል። እዚህ ላይ መቆራረጡ የተሰበረ ልብ ምስል ነው እንጂ ተመልካችን ለማቻኮል አይደለም።

ከኮሜዲው ጋር ስናስተያየው አንድ ትልቅ ነገር እናገኛለን። በኮሜዲው ባላገር ወደ ከተማ ሄዶ አላዋቂ ይሆናል። በ«ጤዛ» ግን የተማረው ሰው ወደ ገጠር ተመልሶ ግራ ይጋባል። መንደሩ ከእርሱ መልስ ይጠብቃል፤ እርሱም መልስ የለውም። እናቱ ታየዋለች፤ ጎረቤቶቹ ያዩታል። ዘንድሮ ትምህርታችንን ጨርሰን ለምንሄድ ተማሪዎች ይህ ፊልም የሚያሳስብ ነው።

የራሴ ስሕተት

እስከዚህ ድረስ በሌሎች ላይ ስፈርድ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን በራሴ ላይ የደረሰውን ልናገር።

በሚያዝያ ዕረፍት ወደ ቤት ስሄድ ለክፍላችን የሚታይ አጭር ፊልም ስለ አባቴ ለመሥራት አሰብኩ። አባቴ ለበቆሎው ያርስ ነበር። «ላነሣህ ነው» ስለው እርሻውን አቁሞ ወደ ቤት ሄደና ነጭ ጋቢውን ለብሶ መጣ። እኔም ተበሳጨሁ። «አባዬ፤ በሥራ ልብስህ ነው የምፈልግህ፤ እውነተኛው እሱ ነው» አልኩት። ባዛንን አንብቤአለሁና የተፈጥሮን እውነት ማንሣቴ ነበር። አባቴ ተመልሶ ጋቢውን አወለቀ። እኔ ከእርሻው በላይ ካለው ዳገት ቆሜ አነሣሁት።

ማታ ብቻዬን ስመለከተው ደነገጥሁ። ካሜራው ከላይ ነበር፤ አባቴ ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ የተቀደደው ሸሚዙ ጎልቶ ይታያል፤ ድምፁ አይሰማም። ያየ ሁሉ የሚያዝንለት ሰው ነበር። ኮሜዲው አባቴን አሳቀበት፤ የእኔ ፊልም ደግሞ አሳዘነለት፤ ሁለታችንም ግን እርሱን አልጠየቅነውም።

በማግሥቱ «የት ብቆም ይሻላል?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ሳይዘገይ «ከፊት አትቁም፤ በሬዎቹ ይደነግጣሉ። ከኋላዬ ና። እኔ የማየውን እይ» አለኝ። ከኋላው ስሄድ ያየሁት የማረሻውን ትልም፤ የሁለቱን በሬዎች ትከሻ፤ በቀንበሩ ሥር የዳልቻን ትንሽ ቁስልና አባቴ በዚያ በኩል እርፉን እንዴት እንደሚያቀልለት ነበር። በዚያ እርሻ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ስንቅ አመላልሻለሁ፤ ይህን ግን አላየሁም ነበር። ሥራው ሲያልቅ ጋቢውን ለብሶ በቤቱ ደጃፍ ቆመና በፈለገው ዓይነት አነሣሁት። በፊልሙ ውስጥ ሁለቱም አሉ። የትኛው የበለጠ እውነት እንደሆነ በክፍላችን ስንከራከርበት ውለን ሳንስማማ ተለያየን። እኔ እንደሚመስለኝ ሰው በሥራ ልብሱ የሚታየውን ያህል መታየት በሚፈልግበት ልብሱም እውነተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚለውን ፊልም መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ለአባቴ በስልክ አሳየሁት። ዝም ብሎ አይቶ «ይኸን የሠራው ሰው የገበሬ ቤት ያውቃል» አለኝ። በዚህ ጊዜ ስለ በሬዎቹ አልጠየቀም።

ለጓደኞቼ የተተወ ሥራ

ከዚህ በላይ የተገለጸውን ትምህርት ለመለማመድ በሚቀጥለው ጊዜ ፊልም ስታዩ፤ በአውቶቡስም ቢሆን፤ እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ጠይቁ።

1. ካሜራው የቆመው ከማን ጎን ነው? ከላይ ነው፤ ከታች ነው ወይስ በዓይን ልክ?

2. ይህ ፊት ከምን ነገር ጋር ተጋጠመ? በሌላ ነገር ቢቀየር ትርጉሙ ይለወጣል?

3. የትኛው ነገር ረጅም ጊዜ ተሰጠው? የትኛውስ በሦስት ሴኮንድ አለፈ?

4. የሚያየው ማን ነው? የሚታየው ሰውስ በተራው ያያል?

5. ከክፈፉ ውጭ የቀረው ምንድን ነው?

አምስተኛውን ጥያቄ ለማስታወስ ለሚቸገር ሰው አጭሩ መንገድ አባቴ እንዳለው «በሬዎቹን ለማን ሰጥቶ መጣ?» ማለት ነው።

ወላጆቻችንንም ፊልም ስናይ አጠገባችን እንዲቀመጡ እንጋብዛቸው፤ የሚጠይቁትንም ጥያቄ ሳንስቅ እንስማ። ስልክ በእጃችን ያለን ሁሉ ዛሬ ፊልም ሠሪዎች ሆነናል። ስለዚህ ሰው ከማንሣታችን በፊት የት ልንቆም እንደሚገባ ያንኑ ሰው እንጠይቅ።